ቀዩ ካፖርትና ያ ነገር

የተጫረ ክብሪት ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ወለሉ ይሄዳል። በቅርቡ ጄኔቫ በምሠራበት ቢሮ የአንዲት ባልደረባችን ልደት ነበረና ኬኩ ላይ የተሰኩትን ሻማዎች ለመለኮስ ክብሪት ሲጫር፣ ሰው ሁሉ ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጅቶ ሻማውን ሲያይ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ማን እንደወደቀ እፈልግ ነበር። ማንም አልወደቀም። አጠገቤ የቆመው ሰው ምን እንደጠፋኝ ሲጠይቀኝ ጉትቻዬ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ እሱም ደግ ሰው ነውና ተንበርክኮ ይፈልግልኝ ጀመር፣ ሁለቱም ጉትቻዎቼ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥለው።

ያ ሽታ የልጅነት ቤቴ ሽታ ነው። ያደግሁት ጄኔቫ ዳር በምትገኘው ቬርኒየ፣ መጨረሻው ከማይታይ ረጅም የኪራይ ሕንፃ ውስጥ፣ ከእናቴ፣ ከአባቴና በአራት ዓመት ከምትበልጠኝ እህቴ ከሐያት ጋር ነበር። ቤታችን ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አልነበረም፣ ምድጃችንም የኤሌክትሪክ ነበር፤ ክብሪት ግን የሌለበት ቦታ አልነበረም። ፍሪጁ ላይ፣ የጫማ ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ጥግ፣ በእናቴ ካፖርቶች ኪስ ሁሉ ክብሪት ይቀመጥ ነበር። እንግዳ አይቶ ምን ያደርግላችኋል ብሎ ሲጠይቅ እማ ለሻማ ነው ትል ነበር፣ ሻማ ግን አልነበረንም። ክብሪቱ የሐያት ነበር።

መጀመሪያ ስትወድቅ የማስታውሰው በክረምት ነው። ከሐይቁ የሚነሣው፣ የአገሩ ሰዎች ቢዝ የሚሉት ቀዝቃዛ ነፋስ መስኮቱን ሲያንገጫግጭ፣ ሐያት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ እያነበበች ነበር። መሃል ላይ ዝም አለች። ቃል ጠፍቷት መስሎኝ ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እኔን አልፎ ግድግዳውን ያይ ነበር፣ ከዚያ በጎኗ ወደቀችና እጅና እግሯ ደርቆ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማ ከወጥ ቤት እንዴት እንደደረሰች አላየሁም፤ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እያለች ክብሪት ጭራ፣ እሳቱን እፍ ብላ አጥፍታ፣ ጭሱን ለሐያት አፍንጫ ታሸትታት ነበር። አባባ እግሯን ይዞ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይል ነበር፣ እናቴን ይሁን እህቴን ያጽናና የነበረው ዛሬም አላውቅም። አንዱ ክብሪት ሲያልቅ ሌላ ተጫረ፣ ሦስተኛው ላይ ይመስለኛል ሐያት ለቀቅ አለች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ውሃ አለች።

እናቴ ይህን የተማረችው ኮምቦልቻ፣ ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ እናቷ ክብሪት ሲያሸቱ አይታ ነው። እኔ ግን ያየሁት ያየሁትን ነበር። ጭሱ በአፍንጫዋ ይገባል፣ የያዛት ነገር ይወጣል፣ እህቴ ትመለሳለች። ክብሪት ተጭሮላት ያልተመለሰችበት ጊዜ አልነበረም፣ ስለዚህ ጥዋትና ማታ በማንኪያ የምትጠጣው ሽሮፕ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም ነበር። እንዲያውም ሽሮፑ ጣፋጭ ስለነበር ለኔ ላለመስጠት የተፈጠረ ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

ስሙም ግራ ያጋባኝ ነበር። እማ «ያ ነገር» ትለዋለች፣ አባባ «ድካም» ይለዋል፣ የሐኪም ቤቱ ሴት ደግሞ በፈረንሳይኛ «ክሪዝ» ትለዋለች፤ እኔ እህቴ ሦስት በሽታ ያለባት መስሎኝ የትኛው ሲመጣ የትኛው እንደሆነ ለመለየት እታገል ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማን ይወቅ ማን አይወቅ የሚለው ነበር። የሐያት አስተማሪ ታውቅ ነበር፣ አባባ ራሱ ሄዶ ነግሯታል፤ ፖርቱጋላዊው የሕንፃው ጠባቂም ያውቅ ነበር። ሐበሻ ግን እንዳይሰማ ተብሎ ነበር። እንግዳ ሊመጣ ሲል እማ ከጉልበቷ ዝቅ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ የቤታችንን ነገር ውጭ እንዳላወጣ ታስጠነቅቀኝ ነበር። ፈረንጅ ይወቅ፣ ሐበሻ አይወቅ የሚባል በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው? እንግዶቹ የሚወዱን፣ ስጦታ የሚያመጡልን፣ ሐያትን «ሙሽራዬ» የሚሏት ሰዎች ነበሩ። እማ የፈራችው ይህንኑ «ሙሽራዬ» መሆኑን፣ ከታወቀ የሚያገባት ይጠፋል ብላ መስጋቷን የተረዳሁት በጣም ቆይቼ ነው።

ሁሉንም ልናገር ካልኩ ደግሞ እቀና ነበር። ተደራራቢው አልጋ ላይ እሷ ስለምትወድቅ የላይኛው ለኔ ቢደርሰኝም፣ ከወጡ ውስጥ እንቁላሉ የሷ ነበር፣ በባቡር መስኮቱ የሷ ነበር፣ ከክሪዙ በኋላ አባባ እንደ ሕፃን ታቅፎ አልጋ ውስጥ የሚያስገባት እሷን ነበር። እኔ ብወድቅ ማን ይሆን የሚያቅፈኝ እያልሁ ብቻዬን ስሆን አልጋው ላይ መውደቅ እለማመድ ነበር። እፈራውም ነበር፣ እመኘውም ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዴት እንደቻልሁበት አላውቅም፣ ልጅ ይችላል።

ብርዱ ሲያልፍና ከሕንፃው በታች ያለው መስክ አረንጓዴ ሲሆን የልብስ ወቅት ይመጣ ነበር። እናቴ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር በአንድ ዲፕሎማት ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። የአሠሪዋ የማዳም ልጅ ከሐያት በትንሽ ትበልጥ ነበርና የጠበባት ልብስ በትልቅ ከረጢት ለኛ ይላክልን፣ መጀመሪያ ሐያት ትለብሰው፣ ሐያትን ሲጠባት ደግሞ ለኔ ይወርድልኝ ነበር። ሹራቡም፣ ጫማውም፣ ቦርሳውም፣ ብስክሌቱም እንደዚያው። አዲስ ነገር ስለብስ ትዝ አይለኝም፤ ጉንፋኗ እንኳ እሷን ሲለቃት ነበር እኔን የሚይዘኝ፣ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ቅማልም ሳይቀር ደርሶኛል። ከሁሉ የምመኘው አንድ ቀይ ካፖርት ነበር፣ ጥቁር ክብ ቁልፎች ያሉት፣ አንገትጌው እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ። ሐያት ለብሳው ስትሄድ ከኋላዋ እየተከተልሁ መች ይሆን የሚጠባት እል ነበር።

በዚያው ጸደይ ዒድ ዋለና ሴቶቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። ከነሱ መካከል እትዬ ከድጃ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፣ እማ ምስጢሯን ያዋየቻቸው ብቸኛ ሐበሻ። ሌሎቹ ሳሎን ሲጫወቱ ሁለቱ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ያንሾካሹኩ ነበር፣ እኔ ሳምቡሳዬን ይዤ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነበር። እማ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ የሐያትን ትንፋሽ ስታዳምጥ እንደምታነጋ ነገረቻቸው። እትዬ ከድጃ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ ልጄ፣ ስታድግ ይለቃታል» አሏት። እማ ፊቷ ፈካ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ አሚን አለች።

እኔ ሳምቡሳው አፌ ውስጥ ቀረ። ስታድግ ይለቃታል። ካፖርቱም ስታድግ ነው የሚለቃት፣ ጫማውም፣ ብስክሌቱም። ሐያትን የለቀቀ ነገር የት እንደሚሄድ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግሁ፣ መነሻውም ያው ከረጢት መስሎ ታየኝ። አንድ ረቡዕ፣ ትምህርት በሌለበት ቀን፣ እማ እኔን የምትተውለት ሰው አጥታ ይዛኝ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ግቢው ውስጥ ከማዳም ልጅ ጋር ተቀመጥን። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሣሁም። ዘለለች፣ ሮጠች፣ ዛፍ ላይ ወጣች፣ አልወደቀችም። በመጨረሻ ድፍረት አግኝቼ ድሮ ታምማ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። አዎ፣ ትንሽ ሳለች ጉሮሮዋን ታምማ ነበር፣ አሁን ግን ድኛለሁ አለችኝ። እሱ ነው አልሁ በሆዴ። ዳነችና ለሐያት ላከችው፣ ምናልባትም በዚያ በቀዩ ካፖርት። እማ ከመስኮት አይታኝ ፊቴ ስለገረጣ ብስኩት አመጣችልኝ።

በጋ ሲመጣ እኔና ሐያት ዙሪክ፣ አክስታችን ዘይነባ ዘንድ እንላክ ነበር። አክስቴ ዘይነባ የእማ ታናሽ ናት፣ በአንድ ሆቴል ልብስ እጥበት ክፍል ትሠራ ነበር፣ ሳቂታ፣ ችኩልና ፈሪ። ባቡር ጣቢያ ስትቀበለን፣ ልታደርሰን አብራን የመጣችው እማ መጀመሪያ የሰጠቻት ሻንጣችንን ሳይሆን ክብሪት ነበር። ዙሪክ እንደ ጄኔቫ ሐይቅና ትራም ያላት ከተማ ሆና ሰዎቿ አንድም የሚገባኝ ቃል አይናገሩም ነበር፤ ቤታችን ሆኖ ቤታችን ያልሆነ ቦታ የገባሁ ያህል ግራ ይገባኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በትራም ወደ ሐይቁ ስንሄድ፣ ድልድዩ ላይ ሐያት አይስክሬም ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ቃሉን ሳትጨርስ ወደቀች። ሰው ከመቀመጫው ተነሣ፣ ትራሙ ቆመ። አክስቴ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ገልብጣ ክብሪቱን አገኘችውና ጫረች፣ ወዲያው አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እፍ አለና አጠፋው። እንደገና ጫረች፣ ክብሪቱን ከእጇ ወሰደው፣ ቁጡ አልነበረም፣ ትራም ውስጥ እሳት እንደማይፈቀድ ለማስረዳት በጀርመንኛ ቀስ እያለ ያወራ ነበር። አንዲት ሽበታም ሴትዮ የገበያ ከረጢቷን አስቀምጣ፣ ጃኬቷን አውልቃ፣ አጣጥፋ ከሐያት ራስ ሥር አደረገች፣ በጎኗ አዞረቻት። ከዚያ ምንም አላደረገችም። ተንበርክካ ሰዓቷን ታይ ነበር።

እኔ ክብሪቱን ስጧት እያልሁ በአማርኛ እጮህ ነበር፣ በፈረንሳይኛም ደገምሁት፣ ሴትዮዋ እጄን ይዛ ዳበስ ዳበስ አደረገችኝ እንጂ አልገባትም። እህቴ በዚያው ልትቀር ነው፣ የምትመለስበት መንገድ በእፍታ ጠፍቷል፣ ሰዉ ሁሉ ደግሞ ቆሞ ሰዓት ያያል። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ሐያት ግን ተመለሰች። ያለ ክብሪት፣ ያለ ጭስ፣ እንደ ሁልጊዜው ለቀቅ አለች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ውሃ አለች። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አልሐምዱሊላህ እያለች ስታለቅስ እኔ ደስ አላለኝም፣ ተናደድሁ። ታዲያ ክብሪቱ ምን ሲሠራ ነበር? እማ በየኪሷ የያዘችው ለምንድን ነው? ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴን ጠየቅኋት፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች እኔም አላውቅም፣ ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት፣ ክብሪቷን ከነጠቅናት ምን ይዛ ታድራለች አለችኝ።

መከር ገባ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ ሐያት ግን አልወደቀችም። ሐኪሟ መድኃኒቷን ቀይራላት ነበር፣ እማ ግን የእትዬ ከድጃ ቃል ደረሰ አለች። በዚያው ወራት ሐያት ቁመቷ ተመዘዘ፣ አባባ ትከሻዬን ልታክል ነው እያለ ይስቅ ነበር፣ እማ በቀስታ ለቀቃት መሰለኝ ስትለው ሰማሁ። እኔ ብቻ ነበርሁ ሐያትን በየቀኑ በፍርሃት የምለካት። አንድ ጠዋት እማ የሐያትን ክንድ ዘርግታ የቀዩን ካፖርት እጅጌ አየች፣ ከእጅ አንጓዋ በላይ ቀርቷል። አወለቀችላትና በደስታ ወደኔ ዞራ፣ ስትመኚው የነበረው ይኸው ደረሰሽ አለችኝ።

አለብስም አልሁ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት በግድ አንድ እጄን አስገባችው፣ እሪ ብዬ አወጣሁት። በዚያ ቢዝ በሹራብ ብቻ ትምህርት ቤት ሄድሁ፣ በማግሥቱም እንደዚያው። እማ ቅብጠት ነው አለች፣ አባባ ቸኮላት ቢገዛልኝ እለብሰው እንደሁ ጠየቀኝ። ኋላ «ሰው የጣለው ልብስ ነው ብላ ንቃ ነው» እያለች እማ ለአባባ ስታወራ ድምጿ ተሰበረ፣ «እኔ የሰው ቤት እየጠረግሁ ያመጣሁትን» አለች። ልነግራት ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ? ያ ነገር ሐያትን እንዲለቃት እማ በየሶላቷ ትለምን ነበር፤ እኔ እንዳይለቃት መፈለጌን በምን አፌ እነግራታለሁ?

የጠየቀችኝ ሐያት ናት። ኮሪደሩ ላይ ካፖርቱ ከተሰቀለበት ፊት ለፊት ቆሜ ሳየው ከኋላዬ መጣች።

«ለምንድን ነው የማትለብሺው?»

«አንቺን ሲለቅሽ ለኔ ነዋ የሚደርሰኝ።»

«ምኑ?»

«ያ ነገር።»

ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። የጫማ ቁምሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያወዛወዘች ብዙ አሰበች፤ አሁን ሳስበው እሷም ልጅ ነበረች፣ እሷም የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነግሯት አያውቅም። ከዚያ ተነሥታ ካፖርቱን ከማንጠልጠያው አወረደች፣ ኪሱ ውስጥ እጇን አስገብታ እማ ለመንገድ የከተተችላትን ክብሪት አወጣችና የራሷ ኪስ ውስጥ ጨመረችው።

«ካፖርቱን ልበሺው» አለችኝ፣ «እሱን ግን አልሰጥሽም።»

«ቢጠብሽስ?»

«ቢጠበኝም አልሰጥሽም። የኔ ነው።»

ለበስሁት። ሐያት ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ ቆለፈችልኝ፣ እማም ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና ምን ብላ እንዳሳመነችኝ ሳትጠይቅ ሁለታችንንም ሳመችን።

ክረምቱ ሳይጋመስ ያ ነገር ተመለሰ። ሐያት እራት ላይ ወደቀች፣ ክብሪቱ ተጫረ፣ አባባ እግሯን ያዘ፣ ስትነቃ እማ ተስፋ ያደረገችው ሁሉ ፊቷ ላይ ሲረግፍ አየሁ። ሁሉም አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፣ የኔ ልቅሶ ግን ምን እንደነበር ለይቼ አላውቀውም። ሐያት ቃሏን ጠብቃለች፣ አልሰጠችኝም፤ ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ አለቀስሁ።

አሁን አድጌ ሁሉንም አውቃለሁ። በሽታው የሚጥል በሽታ እንደሚባል፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ በልብስም እንደማይወርድ፣ የክብሪት ጭስ ምንም እንደማያደርግና ክሪዙ ብዙውን ጊዜ በራሱ እንደሚያልፍ ሐኪም በዝርዝር አስረድቶኛል። የዙሪኳ ሴትዮ ልክ እንደነበረችም አውቃለሁ። እማ ጡረታ ወጥታ ዛሬም በየኪሷ ክብሪት ትይዛለች፣ እኔና ሐያት ግን አንድም ቀን ነገሩን አላነሣንባትም። ሐያት ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ ውስጥ ትኖራለች፣ አንድ ትንሽ ሱቅ ውስጥ መነጽር ትሸጣለች፣ መኪና አትነዳም፣ መድኃኒቷን ጥዋትና ማታ ትውጣለች። አደገች፣ አልለቀቃትም።

ባለፈው መከር ከሱቋ ወጥተን ወደ ቤቷ ስንሄድ የትራም ፌርማታው አጠገብ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደቀች። ካፖርቴን አውልቄ አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ፣ በጎኗ አዞርኋት፣ ተንበርክኬ ሰዓቴን አየሁ። ሰው ከበበን። ሁሉንም ባውቅም ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ሆኖ ሌላው እጄ ክብሪት ፍለጋ ኪሴን ሲዳብስ አገኘሁት። ከዚያ ለቀቅ አለች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ውሃ አለች። ጠጥታ ትንሽ እስክትረጋጋ ጠበቅሁና ስትነሣ ብርድ ስለነበር ካፖርቱን አራግፌ አለበስኋት። ያኔ ልብስ ከሷ ወደኔ ነበር የሚወርደው፤ አሁን በቁመቱም በወርዱም በልጫታለሁና እጅጌው ጣቶቿን ሸፈናቸው። እጅጌውን አየችው፣ ቀጥላም እኔን፣ ምላሷ ገና አልተፍታታም ነበር።

«አየሽ» አለችኝ፣ «አልሰጠሁሽም።»

ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ ቆለፍሁላትና እጇን ይዤ በቀስታ ወደ ቤቷ ሄድን።